ሞተሩ ሲነሳ

ይሄን የምጽፈው እንድታዝኑልኝ አይደለም። ፈጠራ ነው የሚል ካለ አክስቴን ይጠይቅ። አክስቴ በሕይወቷ አንድ ቀን እንኳን ከእኔ ጋር ተስማምታ አታውቅም። በዚህ ነገር ብቻ ነው የተስማማነው።

የተማርኩት እስከ አምስተኛ ክፍል ነው። ፊደል ብስት እለፉኝ።

ጊዜው ቀን ነበር። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ። ሰዓቱን የማውቀው አክስቴ በየአምስት ደቂቃው "ስንት ሰዓት ሆነ?" እያለች ስላደረቀችኝ ነው።

ያለነው ሜዳ ላይ ነው። ሜዳ ስላችሁ የኳስ እንዳይመስላችሁ። ዐይን እስኪደክም ደረቅ ሣር ነው፣ መሀሉን ኮረኮንች መንገድ ሰንጥቆት ያልፋል። ዛፍ የለ፣ ቤት የለ፣ ሰው የለ። ፀሐይ አለች፣ ነፋሱ ግን አጥንት ይሰረስራል። ስልኬ ኔትወርክ የሚባል ነገር ከረሳ አንድ ሰዓት ሆኖታል።

እዚያ መሀል መኪናዋ ሳል ሳል አለችና ቆመች።

ስነዳ የነበርኩት እኔ ነኝ። መንጃ ፈቃድ የምትጠይቁ ካላችሁ እዚህ ጋ አቁሙ።

ከኋላ አባዬ የአክስቴ ጭን ላይ ራሱን ጥሎ ተጋድሟል። ከንፈሩ ጠቁሯል። ጥፍሩም። የሚተነፍሰው እንደ ሰው አልነበረም፣ ከተበሳ ጎማ እንደሚወጣ አየር ነበር።

ፊ...ስ።

ፊ...ስ።

ሆስፒታሉ ለመድረስ ሃያ ሁለት ኪሎሜትር ይቀረናል። እዚያ ኦክስጅን አለ። እዚያ ካደረስነው ይተርፋል። ካላደረስነው... ተዉት።

አባዬ የካርቡራቶር ሰው ነው። ካርቡራቶር ማለት የድሮ መኪና ነዳጅና አየር የሚቀላቅልበት ዕቃ ነው። የአሁን መኪኖች የላቸውም። ስለዚህ አባዬ ጋ የሚመጡት ሽማግሌ መኪኖች ብቻ ናቸው። አክስቴ ጋራዣችንን "የጡረተኞች ማኅበር" ነው የምትለው።

ይቺ መኪና ደግሞ ከሽማግሌም ሽማግሌ ናት። በአራት ጎማ የምትስብ፣ ገደል የምትወጣ፣ በዕድሜ እኔን ሁለት ጊዜ የምታጥፍ። አባዬ ከአንድ የተዘጋ የመንገድ ሥራ ካምፕ ሬሳዋን ጎትቶ አመጣት። ካርቡራቶሯን ስምንት ቀን ፈታ፣ አጠበ፣ ገጠመ።

በዘጠነኛው ቀን ሞተሯ ተነሳ።

በዘጠነኛው ቀን አባዬም ትንፋሽ አጠረው።

ያኔ ሁለቱን አላገናኘኋቸውም። ማን ያገናኛል?

ኮፈኑን ከፈትኩ።

"አባዬ፣ ነዳጅ ስሰጣት ነው የምትሞተው።"

"ነዳጅ... አጥሯታል" አለ። ድምፁ ከሹክሹክታ ያንሳል። "ፊልትሮውን... እዪ።"

"አታናግሪው" አለች አክስቴ። "ትንፋሹን ቆጥቢለት።"

"ታዲያ አንቺን ልጠይቅሽ? ፊልትሮ የት ነው ያለው?"

"ምላስሽን ሰብስቢና እጅሽን አንቀሳቅሺ።"

ፊልትሮው፣ ማለት የነዳጁ ማጣሪያ፣ ንጹሕ ነው። የነዳጁን ቱቦ ከካርቡራቶሩ ነቅዬ የውሃ ፕላስቲክ ውስጥ ከተትኩትና አክስቴን ቁልፉን አዙሪ አልኳት። ከኋላ ተንጠራርታ አዞረች። ቤንዚኑ ፊጭ... ፊጭ አለ። ይመጣል ማለት ነው። እስከ ካርቡራቶሩ በር ይመጣል፣ አይገባም።

በካርቡራቶሩ ጎን ትንሽ ክብ መስታወት አለች። የአውራ ጣት ጥፍር ታክላለች። ውስጡ ስንት ነዳጅ እንዳለ የምታሳየው እሷ ናት። መሀሏ ላይ ነጥብ አለ፣ ነዳጁ ነጥቡ ላይ ሲቆም ደህና ነው።

ባዶ ነበረች።

"መርፌዋ... ነክሳለች" አለ አባዬ፣ ቤንዚን የምታስገባዋን ማለቱ ነው። "ምቺያት። ቀስ ብለሽ።"

ቱቦውን መለስኩና በካቻቪቴ እጀታ መታ መታ አደረግኳት። አክስቴ ቁልፉን አዞረች፣ መስታወቷ ሞላች። ነጥቡ ላይ ቆመ።

"በቃ፣ ልቀቂው" አልኳት። ለቀቀች።

ደስ አለኝ። ካቻቪቴውን ኪሴ ልከት ስል...

ነዳጁ ወረደ።

ከዚያ ወጣ።

ሞተሩ እኮ ጠፍቷል።

ነፋሱ መኪናዋን እያወዛወዛት ይሆናል ብዬ እጄን ጭቃ መከላከያው ላይ ጫንኩ። አትነቃነቅም። እንደ ድንጋይ ቆማለች።

ወረደ... ወጣ።

ከኋላ የአባዬ ትንፋሽ ይሰማኛል። እሱ ሲስብ ነዳጁ ይወርዳል። እሱ ሲያስወጣ ነዳጁ ይወጣል።

ኮፈኑን ዘጋሁት። ምን ላድርግ? ቆሜ ላየው?

ቁልፉን ሳዞረው በመጀመሪያው ተነሳች።

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እንደዚያ ቀን አምሮባት አያውቅም። ሳል የለ፣ መንተፋተፍ የለ። እንደ ልብስ ስፌት መኪና ወጥ ድምፅ።

"ንጂ" አለች አክስቴ። "ንጂ፣ ንጂ።"

ሁለተኛ ማርሽ። ሦስተኛ። ጠጠሩ ከሥር ይንጣጣል። ልቤ ትንሽ ቀለል አለኝ፣ እንዲያውም "ጡረተኛዋ ሥራ ጀመረች" ብዬ ልቀልድ አፌን ከፈትኩ።

"ቁንጫ።"

አክስቴ ናት። አክስቴ ቁንጫ ብላኝ አታውቅም። እንደዚያ የሚጠራኝ አባዬ ብቻ ነው።

በመስታወቱ አየኋት።

"አቁሚ" አለች፣ በጣም ቀስ ብላ። "መሳብ አቃተው።"

የአባዬ አፍ ተከፍቷል። ደረቱ ይታገላል፣ አየር ግን አይገባም። የመቀመጫውን ጨርቅ በጥፍሩ ይዟል።

ፍሬን ረገጥኩ። ፍሪሲዮን ረሳሁ። ሞተሩ ተንቀጥቅጦ ጠፋ።

በዚያችው ቅጽበት አባዬ ሳበ። ከውሃ ውስጥ ብቅ እንዳለ ሰው፣ ረጅሙን።

እኔና አክስቴ በመስታወቱ ውስጥ ተያየን።

"አጋጣሚ ነው" አልኩ።

"እኔ ምን አልኩ?" አለች።

እንደገና አስነሳሁ። አሁን አልነዳሁም። ማርሹን አውጥቼ ወደ ኋላ ዞሬ አባዬን ብቻ አየሁ።

ሞተሩ ተነሳ። አባዬ ታፈነ።

አጠፋሁ። ሳበ።

አስነሳሁ። ታፈነ።

"ይበቃል" አለች አክስቴ። ግንባሩን ትጠርግለታለች። "ይበቃል፣ ልጄ። አየን።"

ልጄ ነው ያለችው። ያኔ ነው በትክክል የፈራሁት።

ወጥቼ ኮፈኑን ከፈትኩ። ሌላ ምን አውቃለሁ? የማውቀው ይሄን ነው። ሞተሩን አስነስቼ የሚኒሞውን ቡሎን፣ ማለት መኪናዋ ቆማ ሞተሩ ሲዞር ፍጥነቱን የምትይዘውን፣ በካቻቪቴ ትንሽ ፈታሁት። ሞተሩ መንገዳገድ ጀመረ። ዱብ... ዱብ ዱብ... ዱብ።

"እንዴት ነው?" ብዬ ጮህኩ።

"ትንሽ ይስባል" አለች አክስቴ።

ትንሽ ፈታሁት። ሞተሩ ሊሞት ነው።

"ይስባል። ይስባል።"

ስድስት ዓመት ሙሉ ሞተር ማስተካከል ነው የተማርኩት። ጥሩ ሲዞር አባዬ ራሴን ይዳብሰኛል። ያን ቀን ባበላሸሁት ቁጥር ነበር አባቴ የሚኖረው።

ግን የተበላሸ ሞተር አይነዳም። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። ማርሽ ሳስገባ ይጠፋል። ትንሽ ሳጠብቅለት ይሄዳል፣ አባዬም ይታፈናል። መቶ ሜትር ሄጄ አጠፋለሁ። መቶ ሜትር ሄጄ አጠፋለሁ። ሲጠፋ ትንፋሹ ይመለስለታል፣ ግን በየጊዜው ጎድሎ ነው የሚመለሰው። ፊሱ እያጠረ መጣ።

አራት ኪሎሜትር እንደዚህ ሄድን። አክስቴ ሰዓት መጠየቅ ትታለች።

አሥራ ስምንት ቀረ።

"ተሸክመነው እንሂድ" አልኩ።

"አሥራ ስምንት ኪሎሜትር?"

"ታዲያ ምን ላድርግ? አንቺ ንገሪኛ። ሁሌ ትናገሪ የለ?"

አልተቆጣችኝም። ቢያንስ ብትቆጣኝ ምን አለበት?

አባዬ ጣቱን አንቀሳቀሰ። ጎንበስ ብዬ ጆሮዬን አፉ ላይ አደረግሁ።

"ጂግለሩን... ስነፋ" አለ።

ጂግለር ካርቡራቶሩ ውስጥ ያለች የነሐስ ቁራጭ ናት። መሀሏ ላይ የመርፌ ቀዳዳ የምታክል ሽንቁር አላት፣ ቤንዚኑ በእሷ ነው የሚያልፈው። ቆሻሻ ሲደፍናት በሽቦ አይጎረጎርም፣ ቀዳዳው ይሰፋል። በአፍ ነው የሚነፋው። ሕጉ አንድ ነው። ትነፋለህ፣ አፍህን ታነሳለህ፣ ከዚያ ትስባለህ። አፍህ እሷ ላይ እያለ አይሳብም። አባዬ ይሄን የሚለኝ ቤንዚን እንዳልውጥ ነው ብዬ አስብ ነበር።

"በስምንተኛው ቀን... ደክሞኝ ነበር" አለ። "ሁለት እጄም ተይዟል። በጥርሴ... ነከስኳት። አፌን ሳላነሳ... ሳብኩ።"

"እሺ። ከዚያስ?"

ዐይኑን ጨፈነ።

"ሳቡኝ።"

"ምን?"

"ከዚያ በኩል... ሳቡኝ።"

አክስቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

ወደ ሞተሩ ተመለስኩ። የአየር ማጣሪያውን ክዳን አንስቼ የካርቡራቶሩን ጉሮሮ ገለጥኩት። ጨለማ ነው። ሞተሩ ጠፍቷል፣ ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው። መዳፌን ጉሮሮው ላይ ከደንኩ። ሞተር ሲዞር እንደዚያ ካደረጋችሁ መሳቡ እጃችሁ ላይ ይሰማችኋል፣ በእሱ ነው ጤንነቱን የምናውቀው።

ያልተነሳ ሞተር አይስብም።

መዳፌ ተያዘ።

ቀስ ብሎ። ለስለስ ብሎ። ሕፃን ጡጦ እንደሚስብ።

ነጠቅኩት። መዳፌ መሀል ክብ ቀይ ምልክት ነበር። እርጥብ ነበር። ሸተትኩት። ቤንዚን አይሸትም። ምንም አይሸትም።

ከኋላ ፊሱ ሲቋረጥ ሰማሁ። አንድ... ሁለት... ሦስት... አራት... ፊ...ስ።

አሰብኩ ብዬ አልዋሻችሁም። አላሰብኩም። የካርቡራቶሩን ክዳን ቡሎኖች ፈታሁ። ጣቴ ደነዘዘ፣ አንዷ ቡሎን ሣር ውስጥ ወደቀች፣ አልፈለግኳትም። ጂግለሯን በካቻቪቴ አወጣኋት። መዳፌ ላይ የስንዴ ፍሬ ታህል ነበር። ሞቃለች። ነፋሱ አጥንት የሚሰረስርበት ቀን፣ እሷ ሞቃለች።

"ምን እያደረግሽ ነው?" አለች አክስቴ።

"እያጸዳሁ።"

"ቁንጫ" አለ አባዬ። ከዚያች ጥቂት ትንፋሹ ላይ ቆርሶ ነው የጠራኝ። "እንዳትስቢ።"

ጂግለሯን ከንፈሬ መሀል አደረግሁ።

ነፋሁ።

አፌን አላነሳሁም።

ሳብኩ።

መጀመሪያ ምንም። የቤንዚንና የነሐስ ጣዕም ብቻ። ቀጥሎ ከቀዳዳዋ ማዶ፣ መርፌ በማታስገባ ቀዳዳ... የሆነ ነገር ቆም አለ። እኔን የሰማ ይመስል። ከዚያ ከደረቴ ሥር ክር እንደሚመዘዝ፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ አንድ ነገር ተመዘዘ። አያምም። የማያም መሆኑ ነው የሚያስፈራው።

ከኋላ አባዬ ሳለ። እውነተኛ ሳል፣ አየር ያለበት።

"እህ" አለች አክስቴ። "እህ... ተመለሰለት። ከንፈሩ ተመለሰለት።"

ገጣጠምኩ። አንዲት ቡሎን እንደጎደለች ዘጋሁት። ስገባ አባዬ ዐይኑን ገልጦ አየኝ። ጥፍሩ አሁንም ጥቁር ነው፣ ቀና ማለት አይችልም። ትንፋሹ ግን ይገባል፣ ይወጣል።

"ምን አደረግሽ?" አለ በሹክሹክታ። አሁን የሚያንሾካሹከው ትንፋሽ አጥሮት አልነበረም።

"ጂግለሯን አጸዳሁ። ተደፍና ነበር።"

ቁልፉን አዞርኩ።

ሞተሩ ተነሳ። እንደ ስፌት መኪና። እኔ ደግሞ... በዚያች የመርፌ ቀዳዳ እየሳብኩ እንደሆነ ቁጠሩት። አፍ አለኝ፣ አፍንጫ አለኝ፣ ዙሪያዬን ሙሉ አየር አለ። አይገባም። በጣም ትንሽ ብቻ ነው የሚገባው።

ነዳሁ።

እስከ ሠላሳ እቆጥራለሁ። ዐይኔ ዳር ዳሩን ሲጨልምብኝ ሞተሩን አጠፋለሁ። መኪናዋ በራሷ ግፊት ስትንሸራተት ሦስት ጊዜ ጠጥቼ እተነፍሳለሁ። እንደገና አስነሳለሁ።

"ለምንድነው የምታጠፊው?" አለች አክስቴ። "አሁን እኮ ደህና ነው።"

መናገር ትንፋሽ ነው። እጄን አወዛወዝኩላት፣ ዝም በይ ለማለት። በሌላ ቀን ቢሆን ለዚያ እጅ ዋጋዬን ትሰጠኝ ነበር።

አሥራ አራት። አሥራ አንድ።

ሠላሳ የነበረው ሃያ ሆነ። ሃያው አሥራ አምስት።

አባዬ ገብቶታል። በመስታወቱ ከዐይኑ ዐይኔን መንቀል አቃተኝ።

"አጥፊው" አለ።

ነዳሁ።

"ልጄ፣ አጥፊው። እኔ ኖሬያለሁ።"

"አንተ..." አልኩ። ትንፋሽ አጠረኝ። ቆጥሬ አጠፋሁ፣ ሳብኩ፣ ጨረስኩለት። "አንተ ከሞትክ አክስቴ ጋ ነው የምቀረው። ይሄን ነው የምትመኝልኝ?"

አክስቴ ሳቀች። እያለቀሰች ሳቀች። የሳቀችልኝ የመጀመሪያ ቀልዴ ነው።

ሰባት። አራት። ቤቶች መጡ፣ አጥር መጣ፣ ሰው መጣ። የመጨረሻውን ኪሎሜትር አላስታውሰውም። መሪውን በደረቴ ደግፌው እንደነበር አክስቴ ናት የነገረችኝ። የሆስፒታሉ በር ውስጥ ቁልፉን አዞርኩ፣ ሞተሩ ጠፋ፣ ግንባሬ መሪው ላይ ወደቀ።

ያኔ ገባልኝ። አየሩ ሁሉ።

አንዲት ነርስ አልጋ እየገፋች ወጣች። አባዬን አየች። አክስቴን አየች። ዐይኗ እኔ ላይ ቆየ።

"በሽተኛው የትኛው ነው?" አለች።

አባዬን አስገቡት። ኦክስጅን አደረጉለት። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ጥፍሩ ቀላ፣ ተደግፎ ተቀመጠ፣ ውሃ ጠየቀ። ሐኪሙ ደረቱን ሰምቶ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ንጹሕ ነው አለ፣ እንዲህ ያለ ንጹሕ ሳንባ በጋራዥ ሠራተኛ አይቶ እንደማያውቅ ተናገረ።

"እሷንም እይልኝ" አለ አባዬ።

"ምንም አልሆንኩም" አልኩ። እውነቴን ነው፣ ምንም አልሆንኩም ነበር። ነርሷ ጣቴ ላይ ኦክስጅን የምትለካ፣ መቆንጠጫ የመሰለች መሣሪያ አደረገች። መሣሪያዋ ቁጥር አላወጣችም። ሌላ ጣት ቀየረች። አውጥታ የራሷ ጣት ላይ አደረገቻት፣ ወዲያው ቁጥር መጣ። የእኔ ጣት ላይ መለሰቻት። ባዶ።

"አንዳንዴ እንዲህ ታደርጋለች" አለችና ሄደች።

አባዬ እጄን ያዘ። አክስቴ በወንበሯ ላይ አፏን ከፍታ አንቀላፍታለች። ኮሪደሩ ጫፍ መስኮት ነበር፣ ትንሽ ልቆም ሄድኩ። ግንባሬን መስታወቱ ላይ ደገፍኩ። በጣም ይቀዘቅዛል። ልጅ ሆኜ እንደማደርገው፣ ልጽፍበት ብዬ፣ ከአፌ ቅርብ "ሃ..." አልኩበት።

ምንም አልታየበትም።

"ሃ..."

መስታወቱ እንደነበረ ነው። ጥርት ያለ።

በመስታወቱ ማዶ ግቢው ይታየኛል። መኪናዋ አሥር እርምጃ ላይ ወደ እኔ ዞራ ቆማለች። ሞተሯ ጠፍቷል። ቁልፏ እጄ ውስጥ ነው። ውስጧ ሰው የለም፣ ቆልፌያታለሁ።

የፊት መስታወቷ ላይ፣ በሾፌሩ በኩል፣ አፍ በሚደርስበት ቁመት... ክብ እንፋሎት ነበር።

ጠፋ።

ተመልሶ መጣ።

ትንፋሼን ያዝኩ። ጠበቅኩ። ሃያ ቆጠርኩ፣ ሠላሳ ቆጠርኩ።

አልቆመም። ይመጣል፣ ይጠፋል፣ ይመጣል።

ከዚያ እየሰፋ፣ እየሰፋ የመኪናዋን መስታወት በሙሉ ሸፈነው። ሁሉም ነገር ነጭ ሆነ።

በዝግታ፣ ከውስጥ በኩል፣ መዳፍ በሚያክል ቦታ ላይ ተጠረገ።